የቅዳሜ ገበያው ካፖርት፦ የድሮ ልብስና የድሮ ዕቃ መምረጥ የምትወዱ እዚህ ግቡ

ማርቆሴዋ
ቅዳሜ፣ ማታ 2፡10

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ያገኘሁትን ለሰው ሳልነግር ማደር አልቻልኩም።

የደብረ ማርቆስን የጧት ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። 2 ሰዓት ገደማ ገበያ ወረድኩ፤ የወጣሁት ለበርበሬ ነበር። ከልብስ ተራው ጫፍ አንድ ልጅ ሸራ ዘርግቶ ክምሩን አፍስሶ «አንሱ! በእጃችሁ እዩት!» እያለ ይጣራል። እኔ የልብስ ክምር ፊት ስቆም ከዓይኔ ይልቅ እጄን አምናለሁ። ናይለን፣ ናይለን፣ ጥጥ፣ እንደገና ናይለን። ከታች በኩል አንድ ከበድ ያለ ነገር ያዝኩ። ሳላየው የበግ ጠጉር መሆኑን አወቅኩ። መጀመሪያ ይኮሰኩሳል፣ ጥቂት ይዘውት ሲቆዩ ደግሞ እጅ ያሞቃል።

ጎትቼ ሳወጣው ካፖርት ነው። ጥቁር አረንጓዴ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ኮሌታው ሰፊ፣ ገበሩ የደረቀ የትምባሆ ቅጠል የመሰለ ቡናማ። ቁልፎቹ ከቆዳ ጠፍር ተጎንጉነው የተሠሩ ናቸው፤ ከአራቱ አንዱ ወድቆ በጥቁር ፕላስቲክ ተተክቷል። ልቤን የወሰደው ግን የግራ እጅጌው ነው። ገበሩ ተተርትሮ ኖሮ አንድ ሰው በነጭ ክር በእጁ ሰፍቶታል። ስፌቱ ጥቃቅንና እኩል ነው፣ የጤፍ ፍሬ በሰልፍ የደረደሩት ይመስላል። የሰፋው ማን እንደሆነ፣ አገሩም የት እንደሆነ አላውቅም። ሳይቸኩል እንደሰፋው ግን ያስታውቃል። ገበያው መሃል ቆሜ እጅጌውን ገልብጬ ስንት ደቂቃ እንዳየሁት እንጃ።

1,200 ብሎኝ በ700 ተስማማን። በርበሬው ለሚቀጥለው ሳምንት ቀረ።

አሁን ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ። ዕድሜውን በምን ላውቅ? ከጀርባው ብል የበላቸውን ሁለት ቀዳዳዎች ምን ላድርጋቸው? የሳጥን ሽታውስ በምን ይለቃል? እግረ መንገዳችሁን የእናንተንም ግኝት ጻፉልኝ።


መርፌና ክር
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡25

እሰየው ልጄ፣ እንኳን እጅሽ ገባ። እኔ ፍኖተ ሰላም 31 ዓመት ከስፌት መኪና ፊት የተቀመጥኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ካፖርት እየቀነሰ መጥቷል፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ በፊት አደራ፣ እንዳታጥቢው። የበግ ጠጉር በሙቅ ውሃ ታሽቶ አንዴ ከተኮማተረ አይመለስም። ስንት ጥሩ ኮት ለልጅ እንኳ የማይሆን ሆኖ ሱቄ ድረስ መጥቶብኛል። ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ በሰፊ መስቀያ አራት አምስት ቀን ስቀይው። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ ይዘሽ ከኮሌታው ሥር፣ ከኪሱ ማዕዘን፣ ከስፌቱ መጋጠሚያ አቧራውን ጥረጊ። ብል እንቁላሉን የሚጥለው እዚያ ነው። ልብሱን የሚበላው ደግሞ ትሉ ነው፣ የምትበረው ቢራቢሮ አይደለችም። ስለዚህ የምትበር ስላላየሽ ተገላገልኩ ብለሽ አትተይው። ትልቅ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ካወቅሽ በፌስታል አጥብቀሽ ቋጥረሽ አንድ ሳምንት በረዶ ውስጥ አቆይው፤ እንቁላሉንም ትሉንም ይገድላል።

እውነተኛ ሱፍ መሆኑን ለማረጋገጥ ከውስጥ ስፌቱ ትርፍ ጨርቅ ላይ አንድ ክር መዘሽ በክብሪት ለኩሽው። ጠጉር ሲያር የሚሸተውን ከሸተተና በጣትሽ ስታሺው ዱቄት ከሆነ ሱፍ ነው። ቀልጦ እንደ ጠጠር ከደረቀ ፖሊስተር አለበት።

ቀዳዳዎቹን በሌላ ክር እንዳትነኪያቸው። ከታችኛው ዝምዝማት ውስጥ የራሱን ክር መዘሽ በዚያ ስፊያቸው። የራሱ ክር ሲሆን ቀለሙ እኩል ነው፣ ከአንድ ክንድ ርቆ የቆመ ሰው አያየውም።

ሁለት ነገር አይተሽ ንገሪኝ። የሚቆለፈው በየት በኩል ነው? ከውስጥ ኪሱ አጠገብ የተሰፋ ጽሑፍስ አለው?


ማርቆሴዋ
እሑድ፣ ረፋድ 4፡40

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ክሩን አቃጠልኩት፣ የበግ ጠጉር ሽታ ሸተተኝ፣ አመዱም ዱቄት ሆነ። ግራው በቀኙ ላይ ነው የሚደረበው። ከውስጥ ኪሱ በላይ ትንሽ ጥቁር ጨርቅ ተሰፍቶበታል፤ በእንግሊዝኛ «ሜድ ኢን ዌስት ጀርመኒ» ይላል። ከሥሩ የክር ጥቅልል የሚመስል ምልክት አለ፣ ነጫጭ መስመሮች እርስ በርሳቸው የተጠማዘዙበት። ሌላ ምንም የለም።


ባሕር ዳሬው
እሑድ፣ ቀን 7፡05

እህቴ፣ ይቺ ትንሽ ጨርቅ ብዙ ነግራሻለች። ምዕራብ ጀርመን የሚባል አገር የነበረው ከ1949 እስከ 1990 በፈረንጆቹ፣ በእኛ ከ1941 እስከ 1983 መስከረም ነው። የክር ጥቅልሉ ደግሞ ንጹሕ ሱፍ ለመሆኑ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ምልክት ነው፤ የወጣው በ1964፣ በእኛ 1956 ወይም 57 ላይ ነው። ሁለቱን ስናገጣጥም ካፖርትሽ በእኛ በ1956 እና በ1983 መካከል ተሰፍቷል። ትንሹ ዕድሜው ከ30 ዓመት በላይ ነው ማለት ነው።

ግራ በቀኝ ላይ የሚደረብ የወንድ ነው፤ የሴት ቀኙ በግራው ላይ ይሆናል። ይህ ግን እንዳትለብሽው አያደርግሽም። እኔ ነኝ ያለች ሴት ሁሉ የወንድ ካፖርት ያምርባታል።

ሌሎችም እንዲጠቀሙ የማውቀውን ልጨምር። በአሜሪካ ልብስ ላይ የአስተጣጠብ መመሪያ በውስጡ እንዲሰፋ የተገደደው በፈረንጆቹ 1972 ነው፤ ያ ጨርቅ የሌለው የአሜሪካ ልብስ ካገኛችሁ ቆም ብላችሁ እዩት። ሌቪስ ጂንስ ካገኛችሁ ከኋላ ኪሱ ጎን ያለችውን ቀይ ጨርቅ እዩ። በፈረንጆቹ እስከ 1971 ድረስ በስሙ ውስጥ ያለው «ኢ» በትልቁ ነበር የሚጻፈው፣ ከዚያ ወዲህ በትንሹ ሆነ። በዚህ በአንድ ፊደል ምክንያት የሱሪው ዋጋ ብዙ እጥፍ ይለያያል።


የዳሞት ልጅ
እሑድ፣ ማታ 1፡30

ዚፕ ላይ የተጻፈ ዋይኬኬ አይቶ «የድሮ ነው» የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። ድርጅቱ ጃፓን ውስጥ የተመሠረተው በፈረንጆቹ 1934 ነው፣ ዛሬም ይሠራል፤ ስለዚህ ስሙ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ጥርሱ ብረት ነው ወይስ ናይለን? ወደ ኋላ በሄዳችሁ ቁጥር ብረቱ ይበዛል። እሱም ቢሆን ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ቁጥርም እንደዚሁ ነው። የአያቴ ጠገራ ብር ላይ 1780 የሚል አለ፤ ልጅ ሆኜ 200 ዓመት ያለፈው ይመስለኝ ነበር። ኋላ ስረዳ የማርያ ቴሬዛ ብር ከዚያ በኋላ መቼም ይመታ መቼ ሁሉም 1780 ነው የሚለው። በአንጻሩ የአባቴ ሴይኮ ሰዓት ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር እውነት ይናገራል፦ የመጀመሪያው አኃዝ የዓመቱ መጨረሻ፣ ሁለተኛው ወሩ ነው። የትኛው አሥርት ዓመት እንደሆነ ግን ከሰዓቱ ሞዴል ነው የምታውቁት። አባቴ ሰዓቱን የገዛው መምህር ሆኖ በተቀጠረ ጊዜ ነበር፤ አሁን የእኔ እጅ ላይ ነው፤ ዛሬ ጧትም አድርሶኛል።


እመቤት ዳንግላ
ሰኞ፣ ጧት 3፡15

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ከልቤ ልጠይቅ። እናቴ የማያውቁት ሰው የለበሰውን ልብስ ቤት አታስገባም። «የማን እንደሆነ፣ በምን እንደሞተ በምን ታውቂያለሽ?» ትለኛለች። ባለፈው ዓመት አንድ የሚያምር የሐር ቀሚስ ገዝቼ ሳትሰማ ደብቄ አቆየሁት። እስካሁን አልለበስኩትም። እናንተ ይህን እንዴት ነው የምታዩት?


መርፌና ክር
ሰኞ፣ ቀን 6፡50

ልጄ፣ የእናትሽን ነገር አቅልለሽ አትዪው። ጥንት በሽታ በልብስ የሚመጣበት ዘመን ነበር፣ ፍርሃቷ ከዚያ የመጣ ነው። ግን ደግሞ እዚህ አገር ልብስ ሁልጊዜ ከሰው ወደ ሰው ሲያልፍ ኖሯል። የአባት በርኖስ ለልጅ፣ የታላቅ ቀሚስ ለታናሽ፣ የሟች ጋቢ ለነዳይ። እኔ ራሴ ክህነት ያለው አጎቴ በሰጠኝ ኮት ነው ያገባሁት። ልብስሽን በደንብ አጽጂ፣ በፀሐይ አስጪ፣ እናትሽ ደስ ካላት ጠበል ይረጭበት፤ ከዚያ እያየችሽ ልበሺው። መደበቁ ነው የሚከፋው።


ዓባይ ዳር
ሰኞ፣ ማታ 2፡00

ልብስ ብቻ ሆነ እኮ! የቤት ዕቃው ይቅር?

እኔ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ቤታችን ሳሎን ውስጥ ፎርማይካ የለበሰ ቡፌ ነበር፤ ከቡፌው ላይ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮው ላይ እናቴ በኪሮሽ የሠራችው ዳንቴል፣ ከዳንቴሉ ላይ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበት የቻይና ፔርሙዝ። ያን ጊዜ ያረጀ ነገር ይመስለኝ ነበርና አልወደውም ነበር። አሁን ገበያ ላይ ያን የመሰለ ፔርሙዝ ሳይ እግሬ በራሱ ይቆማል። ባለፈው ወር አንድ አገኘሁ፤ ክዳኑ ትንሽ ተፈንክቷል፣ የውስጡ መስታወት ግን ደህና ነው። ከመግዛቴ በፊት ክዳኑን ከፍቼ በብርሃን አየሁት፣ ቀስ አድርጌም ወዘወዝኩት፤ የተሰበረ መስታወት ድምፅ ካለ አትግዙ። ሻይ ቀድቼበት አደረ፣ ጧት ስከፍተው እንፋሎት ወጣ።

እናቴ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ነበረች። ፋብሪካው በእኛ በ1953 እና 54 ገደማ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተተከለ ነው። ያን ጊዜ ከዚያ የወጣ የጥጥ አንሶላ ዛሬም አንድ አለን። ስንቴ እንደታጠበ አላውቅም፤ መሃሉ ሳስቶ ከኋላው ብርሃን ያሳያል፣ ጠርዙ ግን አንዲት ክር አልለቀቀም። እናቴ በጣቷ እየዳሰሰች «ይህ የሌሊት ፈረቃ ሥራ ነው፣ ሰው ባልደከመበት ሰዓት» ትላለች። በምን እንደምታውቀው ጠይቄያት አልመለሰችልኝም።


የዳሞት ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 2፡35

ዓባይ ዳር፣ ያን አንሶላ አደራ ለልዋጭ እንዳትሰጡት።

እኔ ከቡሬ አንድ ሳጥን የዘፈን ሸክላ አግኝቻለሁ። ባለቤቱ ማጫወቻው ከተበላሸበት ወዲህ ሳጥኑን ለወንበር ነበር የሚጠቀምበት። ውስጡ በደቂቃ 45 ዙር የሚዞሩት ትንንሾቹ ናቸው፣ ሁለቱ የአምሃ ሪከርድስ። አምሃ እሸቴ ድርጅቱን የመሠረተው በ1969፣ በእኛ 1961 ወይም 62 ላይ ነው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መቶ ያህል ትንንሽ ሸክላ አሳትሟል። ተኝተው ተደራርበው ስለኖሩ አንዱ ተጣሟል። ሸክላ ያላችሁ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ አስቀምጡት፣ ፀሐይ ከሚመታው መስኮትም አርቁት።


የሞጣዋ
ሰኞ፣ ሌሊት 5፡20

ልዋጭ ሲነሳ ሳልጽፍ መተኛት አቃተኝ።

እናቴ ለሠርጓ የለበሰችው ቀሚስ ነበራት። የጎጃም ጥልፍ፣ ከአንገቱ እስከ እምብርቱ የሚወርድ፣ እግሩ ላይ ደግሞ ዙሪያውን የሚዞር። ጠላፊዋ አክስቷ ናት፤ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶባታል። የማሽን ጥልፍ ብትገለብጡት ከጀርባው ክሩ ሲንዘላዘል ታያላችሁ። የእሷን ግን ብትገለብጡት የቱ ፊት የቱ ጀርባ እንደሆነ ለመለየት ትቸገራላችሁ። ልጅ ሆኜ እናቴ ቀሚሱን ለፋሲካ ስታወጣው በጣቴ የመስቀሉን ክንዶች እቆጥር ነበር።

የዛሬ ስድስት ዓመት እኔ ትምህርት ላይ፣ እናቴ ለቅሶ ሄዳ፣ ታናሽ ወንድሜ ቤት ጠባቂ ሆኖ ሳለ «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል መጣ። ሳጥን ውስጥ ያለ አሮጌ ጨርቅ ካለ አምጣ አለው። በአንድ አረንጓዴ ሳፋ ለወጠው። ልጁ 11 ዓመቱ ነበር፣ ሳፋ በማምጣቱ እናታችን ደስ የሚላት መስሎት ነበር። እናቴ አልመታችውም። ሳፋውን ግን አንድም ቀን ውሃ አልቀዳችበትም።

እኔ እስከ ዛሬ ሞጣም፣ ባሕር ዳርም፣ ብቸናም የድሮ ጥልፍ ባየሁ ቁጥር አገላብጣለሁ። ከእናንተ መሃል የድሮ የአገር ልብስ ለመሸጥ የምትገዙ ካላችሁ፣ ያ ልብስ ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?


የጣና ሱቅ
ማክሰኞ፣ ጧት 2፡45

እህቴ፣ ጥያቄሽ ወደ እኔም ነውና ዝም ብዬ አላልፍም። ባሕር ዳር ውስጥ የድሮ ዕቃ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ከውጭ ማስገባት ክልክል ስለሆነ የምይዘው ከዚህ አገር ቤቶች የወጣውን ነው፤ የአገር ልብስ፣ መሶብ፣ ፋኖስ፣ ሲኒ። ከልዋጮችም እገዛለሁ። ከየት እንዳመጡት ጠይቄ አላውቅም። ብጠይቅ ዋጋ የሚጨምሩብኝ ይመስለኝ ነበር።

ሌሊት የጻፍሽውን ካነበብኩ በኋላ ሱቄን ከፍቼ መስቀያው ላይ ያሉትን ስድስት ቀሚሶች አወረድኳቸው። ከየትኛው አገር እንደመጡ የማውቀው የሁለቱን ብቻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ልዋጭ ሲያመጣልኝ ቀበሌውን ሳይነግረኝ አልገዛም፤ የሚነግረኝን እጽፈውና ከቀሚሱ ጋር በስፒል እይዘዋለሁ። የእናትሽን ቀሚስ ምልክት ንገሪኝ። የገዛሁት ሁሉ ፎቶ አለኝ፣ ወደ ኋላ ሄጄ አያለሁ።


የሞጣዋ
ማክሰኞ፣ ቀን 8፡10

ወንድሜ፣ ስለመለስክልኝ እግዚአብሔር ይስጥህ። ምልክቱ ይህ ነው፦ ጥልፉ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር አረንጓዴ፤ የደረቱ መስቀል የታችኛው ክንድ ከሌሎቹ በአንድ ረድፍ ያጥራል፣ አክስቷ ክር አልቆባት ነው። የቀኝ ብብቱ ሥር በሌላ ሸማ ተጥፏል።


የጣና ሱቅ
ረቡዕ፣ ማታ 1፡15

ያሉኝን ፎቶዎች ሁሉ አየሁ። የለም። የማውቃቸውን ሁለት ነጋዴዎችም ጠይቄያለሁ፣ ምልክቱን ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። ካገኘሁት ያለ ዋጋ ነው የምሰጥሽ።


እመቤት ዳንግላ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡00

ቀሚሱን ለእናቴ አሳየኋት። መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ። ከዚያ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ይዛ አሸት አሸት አደረገችውና «ይህስ ሐር ነው» አለች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠበል ይረጭበትና ትለብሺዋለሽ ብላኛለች። መርፌና ክር፣ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።


ማርቆሴዋ
አርብ፣ ማታ 1፡50

ሁላችሁንም አንብቤያችኋለሁ፤ የሞጣዋ፣ የአንቺን ሁለት ጊዜ።

ካፖርቱ አምስት ቀን ተሰቅሎ ሽታው ለቀቀ። ዛሬ ገበሩን ከታች በኩል በትንሹ ተርትሬ ውስጡን አየሁት። ትርፍ ጨርቁ ሦስት ጣት ያህል ይሆናል፤ ፀሐይ ስላልነካው አረንጓዴው እንደ ገብስ ቡቃያ ደማቅ ነው። ይህ ልብስ አዲስ የነበረ ጊዜ እንዲህ ነበር የሚታየው ማለት ነው። የጎጃም ገበሬ አዲስ ቁምጣ ሲያሰፋ የሚመርጠው አረንጓዴ ትዝ አለኝ፤ አያቴ እንዲህ ያለ ነበረው።

ሁለቱን ቀዳዳዎች ከዝምዝማቱ በመዘዝኩት ክር ራሴ ጠቀምኳቸው። አንዱ ተስተካክሏል፣ ሌላው ትንሽ ተኮማትሯል። የግራ እጅጌውን ነጭ ክር አልነካሁትም። አንዲት ጎረቤቴ «ይህን ፍቺውና በቡናማ ክር ይሰፋ» አለችኝ፤ እምቢ አልኳት። የቀረኝ አራተኛው ቁልፍ ነው፤ ገበያ ውስጥ የሚመስለው የለም።


መርፌና ክር
አርብ፣ ማታ 2፡20

ደግ አደረግሽ፣ እጅጌውን እንዳታስነኪ። ቁልፉን ከቆዳ ጠፍር ልጎነጉንልሽ እሞክራለሁ፤ ጫማ ሠሪ ጎረቤቴ ቀጭን ጠፍር አያጣም። የሦስቱን ስፋት በማስመሪያ ለክተሽ ንገሪኝ፣ ቀለማቸውን ደግሞ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺልኝ።


ማርቆሴዋ
አርብ፣ ማታ 2፡31

25 ሚሊሜትር ናቸው ጋሼ። ፎቶውን ነገ ጧት ገበያ ከመውረዴ በፊት አነሳለሁ።